በክምሩ ምሥራቅ በኩል

ዓርብ፣ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ዳባት

ይህ ደብተር የትምህርት ዕቅድ እንድጽፍበት የተሰጠኝ ነው። ዕቅዱ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአምናው ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ደብተሩን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ዛሬ ታፔላው ተተከለ። አውራጃው የጥንት ነገሮችን እንድመዘግብ በደብዳቤ ካዘዘኝ ስምንት ወር ሆነኝ። የታሪክ መምህር ስለሆንሁ ነው፤ ወይም ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከተሄደ በኋላ፣ ብሳና ሜዳ በሚባለው ገበሬ ማኅበር፣ በገብስ ማሳ መሐል አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። ሰዉ «የቀደምቶች ክምር» ይለዋል። ቀደምቶች እነማን ናቸው ስል «እኛ ሳንኖር የኖሩት» ከማለት ሌላ የሚያውቅ የለም። መቃብር ነው፤ ምናልባት ብረት ከመታወቁ በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብር። በዙሪያው የተጠረበ ባልጩትና የሸክላ ገል ለቅሜአለሁ።

ታፔላውን በገዛ እጄ በነጭ ቀለም ጻፍሁት፦ «ይህ ጥንታዊ ቅርስ ነው። መንካትም ሆነ መቆፈር ያስቀጣል።» ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ባለቤቴ ታየች አየችውና «ፊደልህ ካንተ ይልቅ ይኮራል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር የእጅ ጽሑፌ ነው።

ክምሩን ለምን ይህን ያህል እንደወደድሁት ራሴን ጠየቅሁ። እዚያ ያሉት ሙታን የማንም ጥፋት አይደሉም። ማን ገደላቸው፣ ማን ጠቆመባቸው፣ ማን ዝም አለ የሚል ጥያቄ የለም። ገዳይ ቢኖራቸውም እሱም ሞቷል። ክምሩ ሥር ስቆም ቀለል ይለኛል።


እሑድ፣ ኅዳር 6

ሜትር ይዤ ሄድሁ። ዙሪያው ስድሳ ሁለት ሜትር፣ ልክ በግንቦት እንደለካሁት። በምዕራብ በኩል ቁመቱ ሦስት ሜትር ከአሥር፤ እሱም ያው ነው። በምሥራቅ በኩል ግን በግንቦት ሁለት ሜትር ከአርባ ጽፌ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ከሰማንያ አምስት ሆነብኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ድንጋይ አያድግም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ የሒሳብ መምህር ብሆን ኖሮ አውራጃው ሌላ ሥራ ይሰጠኝ ነበር። አዲሱን ቁጥር በእርሳስ ጻፍሁት።

ብርድ። ጣቴ ብዕር አልይዝ ብሏል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ደስ የሚል ነገር ሆነ፤ በሪፖርቴም ላይ አስገባዋለሁ።

ለክምሩ በጣም የሚቀርበው ቤት የእማማ እናናዬ ነው። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ብቻቸውን ናቸው። ስደርስ በምሥራቅ በኩል አንድ ድንጋይ ሲያስቀምጡ አገኘኋቸው። እዚህ ልማድ ነው፤ መንገደኛ ሲያልፍ ለማይታወቁት ሙታን አንድ ድንጋይ ይጥላል። ቁመቱ ለምን እንደጨመረ ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ። መንገዱ የሚያልፈው በምዕራብ በኩል መሆኑን ያስታወስሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

«ምን ይላል መምህር?» አሉኝ ታፔላውን እያዩ።

«ያንብቡት እንጂ እማማ። መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የለም?»

ቀረብ ብለው ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አስኬዱ። «ይ... ህ... ጥንታዊ... ቅ...» ቆም አሉ። «ይች ቀ ናት? እኛን ያስተማሩን ቀጥ ብላ የምትቆመዋን ነው። ይችኛዋ እግሯን ወደ ግራ አጥፋለች።»

«የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም እንደየራሱ ይጽፋል» አልኋቸው።

«ቅ... ር... ስ» ብለው ጨረሱ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ዘወር ብለው አዩኝ። «ቅርሴ እዚህ መሆኑን ማን ነገረዎ?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። በየውይይት ክበቡ ‹የታሪክ ባለቤት ሰፊው ሕዝብ ነው› እያልን ጉሮሯችን ሲደርቅ አንድ ሰው እንኳ ሰምቶ አያውቅም፤ እኚህ ሴት ግን «ቅርሴ» አሉ። «ማንም መንገር አያስፈልገውም፤ የሁላችንም ነው» አልኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ልጃቸው ድረስ ተማሪዬ ነበር። ሱዳን ተሻገረ ይባላል። ብዙዎቹ ተሻግረዋል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ክምሩ ተቆፍሯል!! መልእክቱ የደረሰኝ ክፍል ውስጥ ነው። ማታውን አንድ ሰው በምዕራብ በኩል እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ አውጥቷል። ለአራት ትውልድ ማንም ያልነካውን፣ እኔ አትንኩ ብዬ በጻፍሁ በሁለተኛው ሳምንት።


እሑድ፣ ኅዳር 20

ቆፋሪው ተያዘ። ያርጋል የሚባል ገበሬ ነው፤ መልካም ሰው፣ አምስት ልጆች ያሉት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይግዛው ብሳና ዛፍ ሥር አስቀምጦ ሲጠይቀው እኔም ነበርሁ።

«እኔ ያነበብሁትን ነው የሠራሁ» አለ ያርጋል። «‹ቅርስ ነው› ይላል። ቅርስ ማለት ሰው ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ጥሪት አይደል? መንግሥት እዚህ ጥሪት አለ ብሎ ጽፎ፣ በእንጨት ተክሎ ሲሄድ ምን ላድርግ፣ ልለፈው?»

«መቆፈር ያስቀጣል ይላል እኮ!» አልሁት።

«እሱ ላይ አልደረስሁም። ቅርስ የሚለው ላይ ስደርስ ዶማ ላመጣ ሄድሁ።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለእኛ ለተማርነው ቅርስ የታሪክ ነገር ነው፣ ለነሱ ደግሞ የተደበቀ ንብረት። ስምንት ወር ስደክም ይህን አንድ ቃል አልመረመርሁትም።

ይግዛው ብቻ አልሳቀም። «የቱ ላይ ነው የቆፈርኸው?» አለው።

«በመንገዱ በኩል።»

«በምሥራቅ በኩልስ?»

«አልነካሁም።»

«ምንም?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ታቦት ይዤ ልማልልህ?»

ይግዛው ተነፈሰ፣ ዶማውን መለሰለትና «ሂድ» አለው። በጣም ጥብቅ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ።

ማታ ለአውራጃው ሪፖርት ጻፍሁ። ታየች ቆማ አየችኝ። «አንተ ሰው፣ ምን ብለህ ነው ይህን ሁሉ የምትጽፍላቸው? ሰውየው ዶማውን ይዞ ቤቱ ከገባ አይበቃም?»

«የያርጋልን ስም አልጻፍሁም። ‹አንድ ግለሰብ› ነው ያልሁት።»

«ጥሩ።»

«ሪፖርት ማድረግ ሥራዬ ነው ታየች።»

«አውቃለሁ» አለች። ወደ ጓዳ ገባች።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3

መልስ መጣ! ቁፋሮ የተሞከረበት ስለሆነ፣ ሳይበላሽ እንዲመረመር፣ በጥር ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ትመጣለች። የመፈተሻ ጉድጓድ ታወጣለች። በደብዳቤው ላይ የኔ ስም አለ፦ «በመምህር ገሠሠ መሪነት»። አራት ጊዜ አነበብሁት። ምናልባት ጎንደር ያዛውሩኝ ይሆናል። ይህችን ከተማ ለቆ መሄድ ለሁለታችንም ጥሩ ነበር።

ለይግዛው ነገርሁት። «በየት በኩል?» አለኝ።

«ባለሙያዋ ትወስናለች።»

«በምሥራቅ በኩል ድንጋዩ አይጨበጥም፤ ይናዳል። ሰው ይጎዳል፤ ይጻፉላት።»

ይግዛው ስለዚያ ክምር ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 11

ገሉን ለሸክላ ሠሪ ላሳይ ብዬ ወደ ቤተ እስራኤሎቹ መንደር ወረድሁ። ስንቄ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የወገራ እንስራና ድስት ሁሉ ከሳቸው እጅ የወጣ ይመስላል። ገሉን ተቀበሉኝ፣ በምራቃቸው አርሰው አሹት፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«የኛ እጅ አይደለም» አሉ። «የእናቴም አይደለም፤ የእናቴ እናትም አይደለም።»

«የማን ይሆን ታዲያ?»

«አላውቃትም። ያላወቅሁትን የእገሊት ነው ልልዎ? እሷ በሌለችበት?»

«የናንተ አለመሆኑንስ በምን አወቁ?»

«አፉን ስታዞር የጣቷን ምልክት ትታለች። እጅ ይታወቃል እኮ መምህር። አንቱስ ቢሆኑ የተማሪዎን ጽሑፍ መች ያጡታል?»

ገሉን ተቀብዬ ወጣሁ። ደህና ይዋሉ ማለቴን አላስታውስም። ዳገቱን ስወጣ ራሴን ያመኝ ነበር።

ይመስላል ነው ያልሁት። ነው አላልሁም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 21

የፈተና ወረቀት። መቶ አርባ። ጠመኔ የለም፣ ፋኖስ የለም፣ ዝም ብሎ ማረም ነው።

በመምህራን ማረፊያ በር በኩል ሳልፍ ከውስጥ አንዱ «ለገሠሠ በእጅህ ጽፈህ አትስጠው፤ በቃል ንገረው» ሲል ሰማሁ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ስገባ ዝም አሉ። ቀልድ ነው። መምህር ሲሰበሰብ መቀለድ ያለ ነው።

ሦስት ወረቀት ላይ ያው ጽሑፍ አገኘሁ፤ ተቀዳድተዋል። የማን እንደሆነ ለማየት ስሙን አልገለጥሁም። ለሦስቱም እኩል ሰጠሁ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት

እማማ እናናዬ ቤታችን መጡ። አንድ ሰፌድ ባቄላ ይዘው፣ ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው። ታየች አስገባቻቸው፤ ተቀመጡም አልተቀመጡም በማይባል ሁኔታ በመደቡ ጫፍ ላይ አረፉ።

«ሴትዮዋ በየት በኩል ነው የምትቆፍረው?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ተምሮ የመጣ መሰለኝ። አላውቅም አልኋቸው።

«እስከዚያ ማን ይጠብቀዋል?»

«ጠባቂ አልተመደበለትም።»

«እኔ ልጠብቀው መምህር። እንቅልፍ እንደሁ የለኝም። ደመወዝ አልጠይቅ፣ ወረቀት አልጠይቅ፤ ብቻ ‹እሷ ትጠብቀው› ብለው ለይግዛው ይንገሩልኝ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። እነግራለሁ አልኋቸው። ሲወጡ በሪፖርቴ ላይ «ስለ ቅርስ ከፍተኛ ንቃት ያላቸው እናት» ብዬ ጻፍሁ፤ ለታየችም አነበብሁላት።

እሷ ግን ባቄላውን እየለቀመች «ነጠላዋን አይተሃል?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው።»

«ባሏ ሞቷል እኮ።»

«ባሏ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል ገሠሠ።»

ሐዘን ያለበት ሰው ሌላም ዘመድ አያጣም አልኋት። ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች።

ድረስ ሱዳን ነው። ይህን ያሉኝ አንድ ሁለት ሰዎች አይደሉም።


ሐሙስ፣ ጥር 13

ባለሙያዋ ወይዘሪት የሺወርቅ ትባላለች። ሽማግሌ ወንድ ስጠብቅ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የወንድ ካፖርት የለበሰች፣ ፈጣን ሴት መጣች። በሶቭየት ኅብረት ተምራለች። አስፋልቱ ላይ ኮንቮይ ቆሞ ስለነበር ከጎንደር እዚህ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል፤ አንድም ጊዜ አላማረረችም። ወደድኋት። ስለኔ ሥዕልና ልኬት «ንጹሕ ሥራ ነው» አለች። ቀኑን ሙሉ ይህ ቃል በጆሮዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክምሩን ዞረች። በምሥራቅ በኩል ቆመች፣ ተንበረከከች። «መምህር፣ ይምጡ። ሌላው ድንጋይ ላይ ሁሉ ሽበት አለ፤ ይህን ነጭና ቢጫውን ያዩታል? እሱ እንዲበቅል ረጅም ዘመን ይፈልጋል። እዚህ ግን ድንጋዩ ንጹሕ ነው። ከላይ የተጫነው በቅርቡ ነው።»

«መንገደኛ ይጥልበታል» አልኋት።

«በዚህ በኩል መንገድ የለም። ከሥሩ በኋላ ዘመን የገባ ነገር ሊኖር ይችላል። ነገ ከዚህ እንጀምራለን።»

እማማ እናናዬ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ያዩን ነበር። እንደቆሙ ትተናቸው ሄድን።


ዓርብ፣ ጥር 14

የምጽፈውን ስጽፍ እጄ እሺ ይበለኝ።

ጠዋት ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው ሲሰበሰቡ ይግዛው ወደ ጎን ጠራኝ። «በምሥራቅ በኩል እንዳይቆፈር ያድርጉ» አለኝ።

«ምክንያት ንገረኝና ላድርግ።»

ዓይኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «መምህር፣ እውነት ሱዳን ያለ ይመስልዎታል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ድረስን በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ፣ ከከተማው ውጭ ገደሉት። ለማንም እንዳይሰጥ፣ እንዳይለቀስለት ታዘዘ። ይግዛው በዚያ ጊዜ አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ቦታውን ለእናቱ የነገራት እሱ ነው። ሁለቱ ተሸክመው አመጡት። ቤተ ክርስቲያን አልተቻለም፤ መቃብሩ ይጠበቃል፣ ካህኑም ይጠየቃሉ። «የቀደምቶችን ማንም አይነካም ብላ ነው እዚያ ያስገባችው» አለ። «አላለቀሰችም። አርባ የለ፣ ሙት ዓመት የለ። ‹ሱዳን ሄደ› አለች፣ ሰውም አብሯት አለ። አራት ዓመት ሙሉ እርሟን አላወጣችም። በየሳምንቱ አንድ ድንጋይ ነው፣ ሌላ የላትም።»

ለወይዘሪት የሺወርቅ ሆዴን አመመኝ አልኋት። ሥራው ለነገ ተላለፈ።

ይህን ነገር በየትኛውም ደብተር ጽፌው አላውቅም። ያን ዓመት የከተማው ካድሬ ጠርቶኝ ጠረጴዛው ላይ አንድ በሌሊት የተበተነ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ዘረጋ። «የተማሪዎችህን እጅ ታውቃለህ። ቀዎቹን እያቸው፤ ይህ የማን ነው?» አለኝ። ጽሑፉ የሚያምር ነበር። ቀዎቹ ሁሉ እግራቸውን ወደ ግራ ያጠፉ ነበሩ፤ እስካሁን ይታየኛል። አላውቅም አልሁ። «አንተ ካላወቅኸው፣ ካንተ ሌላ እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ማን አለ?» አለ፣ ፈገግ ብሎ። በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣልኝ ስም ድረስ ነው። ከክፍሉ ሁሉ ጽሑፉ የሚያምረው እሱ ነበር። «የድረስ ይመስላል» አልሁ። ይህን ብቻ ነው ያልሁት። ነው አላልሁም። ይመስላል ማለት ላይሆንም ይችላል ማለት ነው፤ ማጣራት የነሱ ሥራ ነበር።

ይግዛው ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ያስታወስሁት። ስወጣ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ ሰላም ይለኛል።


ቅዳሜ፣ ጥር 15

አደረግሁት። በቶሎ ልጻፈው።

«በምሥራቅ በኩል ያለውን ድንጋይ የከመርሁት እኔ ነኝ» አልኋት ለወይዘሪት የሺወርቅ። «በግንቦት ስመዘግብ፣ የተናደውን ላስተካክል ብዬ ተማሪዎች አምጥቼ ከሥሩ አስቆፈርሁ፤ ከመንገዱ ዳር የለቀምነውንም ድንጋይ እዚያ አስጫንሁ። እስካሁን አፍሬ ነው ያልነገርሁዎ።»

ደነገጠች። «በተመዘገበ ቅርስ ላይ? እርስዎ ራስዎ?»

«እኔ ራሴ።»

«ልኬትዎስ?»

«እሱን ለመሸፈን ነው ቁጥሩን በእርሳስ የጻፍሁት።» ቁጥሩ በእርሳስ ነበር። እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

«ይመስልዎታል ነው ወይስ እርግጠኛ ነዎት? የተበላሸ ቦታ ከሆነ ጊዜዬን አላጠፋበትም።»

ይህን ቃል ከየት አመጣችው?

«እርግጠኛ ነኝ» አልሁ። «ነው።»

በጽሑፍ ይፈርሙልኝ አለች። ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ። ‹ቅርስ› የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ብዕሩ ለምን እንደቆመብኝ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በቀር አላናገረችኝም። ልክ ናት። ጉድጓዱ በምዕራብ፣ ያርጋል በጀመረው ላይ ሆነ። ያርጋል ራሱ ተቀጥሮ ነው የሚቆፍረው፤ «አሁን እንኳ ዶማዬ በሕግ ገባ» ይላል።


ማክሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬ ሰው ተገኘ።

ከአንድ ሜትር ተኩል በታች፣ በጠፍጣፋ ድንጋዮች መካከል። በጎኑ የተኛ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ የሰበሰበ፣ አንድ እጁን ጉንጩ ሥር ያደረገ። ከራስጌው ትንሽ የሸክላ ጽዋ፣ ከአንገቱ አካባቢ ሦስት ዶቃ። ወይዘሪት የሺወርቅ በብሩሽ ስትጠርገው ሠራተኞቹ ቆባቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። ወጣት ነው አለች፣ ከጥርሱ ዐይታ፤ ሃያ አይሞላም። ስንት ዘመን እንደሆነው መናገር አልፈለገችም፤ ሺዎች ነው ብቻ አለች።

ለቆፋሪዎቹ ምሳና ውኃ ያመጡ ሴቶች በጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው ነበር። እማማ እናናዬም ነበሩ። ድንገት ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና ደረታቸውን መቱ፤ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«ስምህን አልጠራም፣ ሰው ይሰማብኛል፤
የማያውቅህ ሁሉ ዛሬ አልቅሶልኛል።»

ሌሎቹ ሴቶች ለአንድ አፍታ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ተቀበሏቸው። አንዷም «ለማን ነው?» አላለችም። የብሳና ሜዳ ሰው በሙሉ ያውቅ ኖሯል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶው ሜዳውን ሞላው። ወንዶቹ መጡ፤ ይግዛው ዱላውን ተደግፎ ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔም አለቀስሁ። ለመደበቅ አልሞከርሁም።

ወይዘሪት የሺወርቅ ብሩሿን ይዛ ቆማ ቀረች። «ለማያውቁት ሰው? ከስንት ሺህ ዓመት በኋላ?» አለችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ከሥራ ውጭ ያናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። «ባህላቸው ነው እንዴ?»

«ነው» አልኋት።

በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ለቅሶው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ያመጡት ምሳ የለቅሶ ምሳ ሆነ። ሥዕሉ ተሥሎ፣ ፎቶው ተነሥቶ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ «ይመለስ» አሉ፤ እሷም ጽዋውንና አንዱን ዶቃ ወስዳ አጥንቱን እንደነበረ መልሳ አስከደነችው። እማማ እናናዬ የመጨረሻውን አፈር በእጃቸው አለበሱት። ወደ ምሥራቁ በኩል ዞር ብለው እንኳ አላዩም።


ረቡዕ፣ የካቲት 3

ደብዳቤ ከአውራጃው። «በጥበቃ ሥር ያለ ቅርስን ያለ ፈቃድ በመነካካት» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከምዝገባ ሥራ ተነሥቻለሁ። የዝውውር ጥያቄዬ ውድቅ ሆኗል። ታየች አነበበችውና አጥፋ መሶቡ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሆናት እንዲህ ሳትቀመጥ።


እሑድ፣ የካቲት 14፣ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። እማማ እናናዬ እንድመጣ ልከውብኝ ሄድሁ። ክምሩ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ተመልሷል፤ ጥለቱ ወደ ታች ሆኗል።

በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ደብተር ነው። የድረስ ደብተር፣ የዘጠነኛ ክፍል፣ የታሪክ። «ያኔ ቤቱን ሲፈትሹ ሊጥ ውስጥ ቀብሬው ነው የተረፈ» አሉ። «ማንበብ ከተማርሁ ወዲህ አንብቤዋለሁ። እስኪ አንቱ ይዩት።»

ገለጥሁት። በየገጹ ጠርዝ ላይ የኔ ቀይ ቀለም አለ። አንዱ ላይ «የእጅ ጽሑፍህ እጅግ ያምራል» ብያለሁ። ያምራል። ቀዎቹን ፈለግሁ። ቀደም፣ ቀረጥ፣ ቀን፣ ወቅት። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድም እግሩን ያጠፈ የለም። ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገለጥሁት፤ አንድም የለም።

እማማ እናናዬ ወደ ታፔላው አያዩም ነበር። እኔ ግን አየሁት። ሁለት ምሽት የፈጀብኝ፣ የኮራሁበት። ቅርስ ይላል፤ ቅ እግሯን ወደ ግራ አጥፋለች። እንዲህ የምጽፈው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ስንት ተማሪ ከሰሌዳ ላይ የኔን ፊደል እንደቀዳ አላውቅም። ያን ቀን በካድሬው ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ከሰሌዳዬ የተቀዳ የኔን እጅ ነበር፤ ያንን አውቄ ነው የፈራሁት። የድረስ አይመስልም ነበር። ያኔም አይመስልም ነበር።

«አይመስልም» አልሁ። «እማማ፣ አይመስልም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ታፔላውን ያነበብሁ ቀን ነው ያወቅሁ። ‹እግሯን ወደ ግራ ባጠፈች ቀ ነው የያዙት› ብሎ ይግዛው ነግሮኝ ነበርና።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሡኝም፤ አልገፉኝምም። ከዚያ «ይነሡ እንግዲህ፣ የጠራሁዎ ለሥራ ነው» አሉ።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አዘጋጅተዋል፤ አጥበው አድርቀውታል። አንድ ሚስማርም አብሮ አለ። ስሙን በድንጋዩ ላይ እንድጽፍና፣ ፊደሉ ወደ ውስጥ ዞሮ ከላዩ እንዲቀመጥ ነው የፈለጉት፤ ማንም እንዳያነበው፣ እሱ ብቻ እንዲያውቀው።

ሚስማሩን ይዤ ቀረሁ። እሳቸው ይጻፉት፣ ፊደል ያውቃሉ፣ ለኔ አይገባኝም አልኋቸው።

«የኔ ፊደል አያምርም» አሉ። «ልጄ የሚያምር ጽሑፍ ይወድ ነበር።»

ድንጋዩን ወደ ጉልበቴ ገፉልኝ።

«ቀ የሌለበት ስም ነው መምህር። አይፍሩ።»

ጻፍሁት።